የሐፊር ውኃ ማጥለያና ማጣሪያ በየወራቱ የሚያሻው ጥንቃቄ

በገዳሪፍ ሜዳ የውኃ ነገር በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ ጥቁሩን መሬት ጭቃ አድርጎ መኪናና ከብት እስከ ማገድ ይደርሳል፤ ከጥቅምት በኋላ ግን ፈፋው ሁሉ ይደርቃል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ባላገሩም ለራሱና ለከብቱ የሚሆነውን ውኃ ከሩቅ ለመፈለግ ይገደዳል። ከገዳሪፍ ከተማ አንሥቶ እስከ ጋላባትና እስከ መተማ ወሰን ድረስ ያለው አገር አፈሩ ከባድ ዋልካ፣ ከሥሩም ያለው ድንጋይ ውኃን በብዛት የማይሰጥ ስለ ሆነ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በቂ ውኃ ማግኘት በብዙ ቦታ አይቻልም። በዚህም ምክንያት የአገሩ ሰው የክረምቱን ጎርፍ በተቆፈረ ኩሬ አጠራቅሞ በጋውን ያልፍበታል። ይህ ኩሬ በዐረብኛ ሐፊር ይባላል፤ ትርጓሜውም የተቆፈረ ማለት ነው።

ሐፊር ውኃን ያጠራቅማል፤ በራሱ ግን ውኃን አያጠራም። ጎርፉ ከሜዳው ሲመጣ አፈሩን፣ ፋንድያውን፣ ገለባውንና አመዱን ይዞ ይገባል። ይህን ቆሻሻ ከሰውና ከከብት አፍ የሚከለክሉት በሐፊሩ መግቢያ የሚሠራው የማጥለያ ገንዳና በመውጫው የሚሠራው የአሸዋ ማጣሪያ ናቸው። ሁለቱም በየዓመቱ መጠረግና መታደስ አለባቸው፤ የሚታደሱበትም ወር የታወቀ ነው። ወሩ ካለፈ ሥራው ለአንድ ዓመት ያልፋል፤ ውኃው ደፍርሶ ከታየ በኋላ የሚያዝ ዶማ ለዚያ ዓመት አይረዳም።

ነገሩ የጤናና የሕይወት ጉዳይ ነው። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. የሱዳን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የኮሌራ በሽታ መግባቱን ባስታወቀ ጊዜ፣ ከሰላና ገዳሪፍ በበሽታው ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች መካከል ነበሩ። በዚያው ወራት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረውን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ተጠግተው ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፍረው ነበር። ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በተደረገው ስደትም ኢትዮጵያውያንን ያስተናገደ ቦታ ነው። ጠጪው ሲበዛ ኩሬው አብሮ አይሰፋም፤ ስለዚህ ያለውን ውኃ ከብክለት መጠበቅ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ይሆናል።

ሐፊር ከጥንት እስከ ዛሬ

ሐፊር ለሱዳን አዲስ ነገር አይደለም። ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ሙሰወራት ኤስ ሱፍራ በተባለው ቦታ በሜሮዌ ነገሥታት ዘመን፣ ከ2,000 ዓመት በፊት የተቆፈረው ታላቅ ሐፊር ፍራሹ እስከ ዛሬ ይታያል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 250 ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ6 ሜትር በላይ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ይህን የሚያህል ጉድጓድ ያለ ማሽን ቆፍረው፣ አፈሩን በዙሪያው ክትር አድርገው ከምረውታል።

በገዳሪፍ በኩል የሐፊር ፍላጎት እጅግ የበዛው በማሽን የሚታረስ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ይህ እርሻ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ገዳምባልያ በተባለው ስፍራ ተጀመረ። ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት መሬት እየሰፋ ሲሄድ፣ ቀድሞ ውኃ በማጣት ሰው ያልሰፈረበት ሜዳ ሁሉ ለአራሹ፣ ለአራሚውና ለአጫጁ ውኃ አሻው። እርሻው ግን ከጥቅሙ ጋር አንድ ጉዳት ይዞ መጣ፤ ይኸውም ዛፉና ሣሩ ሲመነጠር አፈሩ ስለሚራቆት፣ ጎርፉ ወደ ኩሬው የሚያመጣው ደለል በዚያው መጠን መጨመሩ ነው።

በደንብ የተሠራ ሐፊር ስድስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ጎርፉን ከሜዳው ሰብስቦ የሚያመጣው ቦይ ነው። ሁለተኛው የማጥለያ ገንዳ ነው፤ ጎርፉ በዚህ ሲደርስ ፍጥነቱ በርዶ ከባዱን ደለል ይጥላል። ሦስተኛው ከገንዳው ወደ ሐፊሩ የሚያስገባው ቧንቧና መዝጊያው ነው። አራተኛው ራሱ ሐፊሩ ሲሆን በክትርና በአጥር የተከበበ ነው። አምስተኛው ውኃውን ወደ አሸዋ ማጣሪያና ወደ መቅጃው የሚያደርሰው መስመር ነው። ስድስተኛው ከአጥሩ ውጭ የሚሠራው የከብት ማጠጫ ነው። ከብቱ ወደ ሐፊሩ ራሱ ገብቶ የሚጠጣ ከሆነ፣ እግሩ ደለሉን ያስነሣል፣ ፋንድያውም ከውኃው ጋር ይደባለቃልና ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ውኃ የሚጠልልበት ምክንያት

ድፍርስ ውኃ በእንስራ ውስጥ ሲያድር ከላይ ጠርቶ ከታች አተላ እንደሚያስቀር ማንም ያውቃል። ነገር ግን በውኃው ውስጥ ያለው አፈር ሁሉ እኩል ፍጥነት የለውም። ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆን ደቃቅ አሸዋ በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከእርሱ አሥር ጊዜ የሚደቅቀው ደለል ያንኑ አንድ ሜትር ለመውረድ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚህም ደግሞ አሥር ጊዜ የሚደቅቀው የዋልካ ብናኝ ከአሥር ቀን በላይ ይወስዳል፤ ከእርሱም የባሰ ደቃቅ የሆነው ብናኝ እርስ በርሱ እየተገፋፋ ሳይወርድ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል።

ከዚህ ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አሸዋውና ከባዱ ደለል ጎርፉ ለጥቂት ሰዓት በረጋበት የማጥለያ ገንዳ ውስጥ ይቀራል። መካከለኛው በሐፊሩ ውስጥ በቀናት ይጠልላል። የመጨረሻው ደቃቅ ብናኝ ግን ጊዜ ብቻ አያጠራውም፤ አያይዞ የሚያወርደው መድኃኒት ወይም የሚይዘው ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ደለሉ ገና በመግቢያው ካልቀረ፣ የመጨረሻው ማጣሪያ የሁሉንም ሸክም ለብቻው ይሸከምና በጥቂት ቀን ውስጥ ይደፈናል።

ከላይ ፀሐይ ከታች ደለል

ሐፊርን የሚቀንሱት ሁለት ባላጋሮች ናቸው። አንደኛዋ ፀሐይ ናት። በዚያ አገር ከተገለጠ ውኃ ላይ በዓመት ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት በትነት ይጠፋል። ሁለተኛው ደለል ነው። ፀሐይን መከልከል አይቻልም፤ ደለልን ግን ይቻላል።

የደለሉ ጉዳት ከሚታየው እንደሚበልጥ በሒሳብ መረዳት ቀላል ነው። ለምሳሌ ጥልቀቱ 4 ሜትር የሆነ ሐፊር ቢኖር፣ 2 ሜትሩን ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ለሰውና ለከብት የሚቀረው 2 ሜትር ብቻ ነው። በየዓመቱ 10 ሳንቲሜትር ደለል ቢገባበት በአሥር ዓመት 1 ሜትር ይሞላል። ይህን የተመለከተ ሰው ኩሬው አንድ አራተኛውን ብቻ እንዳጣ ይገምታል። ነገር ግን የፀሐይዋ ድርሻ ስለማይቀነስ፣ የጠፋው ሁሉ ከሰውና ከከብት ድርሻ ነው፤ ስለዚህ በጥልቀት ሲታሰብ ለጥቅም የሚውለው ውኃ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ኩሬው ባዶ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥር እስከ ሚያዝያ የሚሠራው

የማጥለያ ገንዳው ከሐፊሩ አስቀድሞ ይደርቃልና ደለሉን ለመጥረግ የተመቸው ጊዜ ይህ ነው። እርጥብ ደለል ከአካፋ ላይ እየተጣበቀ ሠራተኛውን ያደክማል፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን እንደ ጡብ እየተነቀለ በባሬላ፣ በእጅ ጋሪ ወይም በአህያ ይወጣል። የወጣው ደለል ከቦዩ በላይ ወይም በክትሩ ጫፍ ላይ መደፋት የለበትም፤ እንዲህ ከተደረገ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ከሐፊሩ በታች በኩል ወስዶ በአትክልት ቦታ ላይ ማፍሰስ ይገባል፤ ደለሉ ከሜዳው ለም አፈር የተሰበሰበ ስለ ሆነ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ መልካም ነው።

በቁፋሮ ጊዜ ከቀድሞው ወለል በታች እንዳይወረድ ጥንቃቄ ያሻል። ሐፊር ውኃ የሚይዘው ከታች ያለው ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚዘጋ ነው፤ ይህ ድርብርብ ስስ በሆነበት ቦታ ከተበሳ ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል። ስለዚህ ወለሉ የት እንደ ሆነ የሚያሳይ፣ በሜትርና በሳንቲሜትር የተከፈለ ምልክት ያለው ምሰሶ በገንዳውም በሐፊሩም ውስጥ መትከል ያስፈልጋል። ምሰሶው በክረምት የውኃውን ጥልቀት፣ በበጋ የደለሉን ከፍታ ይናገራል።

በግንቦት የሚደረገው ምርመራ

ዝናብ ከመጣሉ በፊት ባለው ወር እያንዳንዱ ክፍል መታየት አለበት። የመግቢያው ቧንቧ በውስጡ ጎጆ የሠራ አይጥ ወይም የገባ እሾህ እንዳይኖር ይጠረጋል። መዝጊያው ዝገቱ ተፍቆ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ ይፈተናል፤ በጎርፍ ጊዜ የማይዘጋ መዝጊያ ከሌለ ይቆጠራል። የሽቦው ወንፊት ቀዳዳው ይጠገናል። በክትሩ ላይ በበጋ የተሰነጠቀው ስንጥቅ በእርጥብ አፈር ተሞልቶ ይደለደላል፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ ክትሩን ይንደዋል። ጎርፉ በሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፋል። ትርፍ ውኃ የሚያልፍበት መውረጃም ሣርና ቁጥቋጦ እንዳይዘጋው ይመነጠራል።

በዚሁ ወር ጎርፉ የሚነሣበት ሜዳ ራሱ መጽዳት ይገባዋል። ከብት ያደረበት በረት ፋንድያው ይነሣል፤ የሞተ እንስሳ ይቀበራል፤ ሰው በዚያ ስፍራ እንዳይጸዳዳ ይከለከላል። የተባይ መድኃኒት የተያዘበት በርሜል በሜዳው ላይ ተጥሎ እንደ ሆነ ይወገዳል። ማጣሪያ ጭቃን እንጂ በውኃ የሟሟ መርዝን አያስቀርም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዘብ

በክረምት ሐፊሩ አንድ ታማኝ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ የበጋውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ስለሚመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ የቆሸሸ እርሱ ነው። ስለዚህ መዝጊያው ተዘግቶ ጎርፉ በመውረጃው እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ነገር ግን የሰኔው ዝናብ ዘግይቶ ሰዉና ከብቱ ውኃ አጥቶ ሳለ የመጣውን ጎርፍ ማባረር ከባድ ፍርድ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት ውኃው በማጥለያ ገንዳው ብቻ ተይዞ፣ አድሮ ሲጠልል ለከብት ይሰጣል፤ ለሰው የሚሆነው ግን ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ወይም ፈልቶ መሆን አለበት። ወደ ሐፊሩ የሚገባው ውኃ ሜዳው ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ነው።

ጎርፉ ወደ ገንዳው ከገባ በኋላ ጥቂት ሰዓት እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያም ከላይ ያለው ውኃ ብቻ በቧንቧው ወደ ሐፊሩ ይለቀቃል። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ወንፊቱ ከገለባና ከቅጠል ይጸዳል። ጠባቂው የዝናቡን ቀንና የውኃውን ጥልቀት በደብተር ቢጽፍ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ለወረዳው ሹምና ለመሐንዲሱ ትልቅ ሀብት ይሆናል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚታሰበው

ዝናቡ ሲያበቃ መዝጊያው ጠብቆ ይዘጋል፣ አረሙ ይነቀላል፣ አጥሩ ይጠናከራል። ከዚያም በምልክቱ ምሰሶ ላይ ጥልቀቱ ተነቦ እስከ መጪው ሰኔ የሚበቃው መጠን ይታሰባል። ለምሳሌ አንድ መንደር 1,000 ሰዎችና 500 ከብቶች ቢኖሩት፣ ለሰው በቀን 20 ሊትር፣ ለከብት 40 ሊትር ቢመደብ፣ በጠቅላላው በቀን 40,000 ሊትር ያስፈልጋል። በበጋው 240 ቀን ውስጥ ይህ 9,600 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሐፊሩ ያለው ውኃ፣ ፀሐይ የምትወስደው ተቀንሶለት፣ ከዚህ ካነሰ መንደሩ ይህን በጥቅምት ማወቅ አለበት። በጥቅምት የታወቀ ጉድለት የጡብ ሥራን በማቆምና ከብትን ወደ ወንዝ ዳር በጊዜ በማሰማራት ሊቃለል ይችላል፤ በመጋቢት የታወቀ ጉድለት ግን ስደትን ያስከትላል።

የአሸዋ ማጣሪያ አያያዝ

የአሸዋ ማጣሪያ ከላይ ሲታይ አሸዋ የተሞላ ገንዳ ብቻ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሕይወት አለበት። ውኃው በደቃቅ አሸዋ ውስጥ በዝግታ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር እየወረደ ሲያልፍ፣ በአሸዋው ፊት ላይ ስስ ልጋግ የመሰለ ቆዳ ይበቅላል። በዚህ ቆዳ ላይ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ከውኃው ጋር የመጡትን የበሽታ ተሐዋስያን ይይዛሉ፣ ይበላሉም። ፊቱ 10 ካሬ ሜትር የሆነ ማጣሪያ በሰዓት 10 ሳንቲሜትር ቢያሳልፍ በቀን 24,000 ሊትር ይሰጣል፤ ይህም በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ሲታደል ለ1,200 ሰዎች ይበቃል።

የዚህ ማጣሪያ ኃይል በታሪክ ተፈትኗል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 በጀርመን አገር በሀምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከእርስዋ ጋር ድንበር ለድንበር የተያያዘችው አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ከኤልቤ ወንዝ ሲሆን፣ ውኃውን በአሸዋ ታጣራ ስለ ነበር ከመቅሠፍቱ በአብዛኛው ዳነች። ሀምቡርግ በዚያን ጊዜ የወንዙን ውኃ ሳታጣራ ታድል ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አንዱ መንገድ በወዲያና በወዲህ በኩል ሞትንና ጤናን ለይቶ አሳየ።

የማጣሪያው ጠባቂ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር መቼ እንደሚነካውና መቼ እንደማይነካው ነው። የሚወርደው ውኃ ሲቀንስ ቆዳው ወፍሯል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ውኃው ከአሸዋው ፊት በታች ዝቅ ተደርጎ፣ ከላይ ያለው ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚሆነው አሸዋ ብቻ በጠፍጣፋ አካፋ ይገፈፋል። አሸዋውን በጠቅላላ ማውጣትና ማጠብ ብዙ ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ ከቆሻሻው ጋር አጣሪውን ራሱን ያጠፋሉ። ከተገፈፈ በኋላ አዲሱ ቆዳ እስኪበቅል ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በዚያ ጊዜ የሚወርደው ውኃ ሳይፈላ ወይም ክሎሪን ሳይጨመርበት አይጠጣም። ስለዚህ ሁለት ማጣሪያዎች ጎን ለጎን ሠርቶ አንዱ ሲጸዳ በሌላው መጠቀም ይበጃል። የተገፈፈው አሸዋ ታጥቦና በፀሐይ ደርቆ ይቀመጣል፤ የአሸዋው ውፍረት ወደ 50 ሳንቲሜትር ሲወርድ ተመልሶ ይጨመርበታል። ማጣሪያው ለረጅም ጊዜ ከደረቀም ቆዳው ይሞታልና እንደ አዲስ ይቆጠራል።

የሽፈራው ፍሬ

ማጣሪያ በሌለበት ቤት የሱዳን ሴቶች በዓባይ ዳር የሚያውቁት ዘዴ አለ። ይኸውም በኢትዮጵያ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ዘመድ የሆነ ዛፍ ፍሬ ነው። በሱዳን ዛፉን ሸጀረት አል ረዋቅ፣ ማለት ውኃ የሚያጠራ ዛፍ ይሉታል። ሳሚያ አል አዝሐሪያ ያን የተባሉት ሊቅ ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ ይህን ዘዴ በሱዳን መርምረው ለዓለም አስታውቀዋል። በኮንሶና በአካባቢው የሚበቅለው የኢትዮጵያ ሽፈራውም ፍሬው ውኃን እንደሚያጠራ በምርመራ ታውቋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደረቀው ፍሬ ተፈልፍሎ ነጩ ውስጡ ይወቀጣል። ለአንድ ሊትር ድፍርስ ውኃ አንድ ፍሬ ያህል ታስቦ፣ ዱቄቱ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጨርቅ ይጠለላል። ያ ውኃ በድፍርሱ ላይ ተጨምሮ አንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት፣ ከዚያም ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል። ሳይነካ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቆይ ደቃቁ ዋልካ እየተያያዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጠራው ከላይ ይቀዳል። ሥሩና ልጡ ጎጂ ስለ ሆነ ከፍሬው በቀር ሌላ አይጨመርም። ይህ ዘዴ ተሐዋስያንን እጅግ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋምና ውኃው በኋላ መፍላት ወይም ክሎሪን ማግኘት አለበት፤ ከአንድ ቀን በላይም አይቀመጥም። ክሎሪን በድፍርስ ውኃ ውስጥ ኃይሉ በጭቃው ላይ ስለሚያልቅ፣ ማጥራቱ የግድ ይቀድማል።

ውኃው በበቂ መጥራቱን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ነጭ ጠርሙስ በውኃው ሞልቶ በጋዜጣ ርእስ ላይ ማቆምና ከአፉ ወደ ታች መመልከት ነው። ትልልቁ ፊደል የማይነበብ ከሆነ ውኃው ገና ነው።

ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች

በግቢው ውስጥ ኩሬ ሠርቶ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለሚያረባ ሰው ይኸው ሕግ ያገለግለዋል። የዓሣ ኩሬ ማጣሪያም ሕያው ነው። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር የሚለውጡት በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ተሐዋስያን ናቸው። ስለዚህ ማጣሪያው ሲጸዳ ግማሹ ብቻ፣ በኩሬው በራሱ ውኃ ይታጠባል፤ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ከታጠበ ተሐዋስያኑ ያልቁና ዓሣው በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጊዜ ደግሞ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ምግብ መቀነስና ማጣሪያውን በአንድ ጊዜ አለመንቀል ያስፈልጋል። በክረምት ድፍርስ ጎርፍ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ቦዩ ይዘጋል፤ ደለል የዓሣውን መተንፈሻ ይደፍነዋልና።

የትልቁ ግድብ ምሳሌ

ደለል መንደርን ብቻ የሚያስቸግር አይደለም። ከኢትዮጵያ የሚወርዱት ተከዜ፣ አንገረብና ጓንግ ተገናኝተው አትባራ በሚሆኑበት ወንዝ ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተሠራ። ዓላማው በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተነሡት ኑብያውያን የእርሻ ውኃ ለመስጠት ነበር። ግድቡ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዝ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ግማሽ ያህሉን በደለል አጥቷል። ስለዚህ ከ1971 ወዲህ በጎርፍ ወራት በሩ ተከፍቶ ደለሉ እንዲታጠብ የማድረግ ልማድ ተጀመረ። በዚህ ማጠቢያ ጊዜ ብዙ ዓሣ በጭቃው ታፍኖ ይሞታል። ደለሉ ከመግባቱ በፊት የሚይዘው ስፍራ የሌለው ኩሬ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ዋጋውን በኋላ ይከፍላል።

በወሰኑ በኢትዮጵያ በኩልም ትምህርቱ የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአማራና በትግራይ ለየቤተ ሰቡ ብዙ ኩሬዎች ተቆፍረው ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በስርገትና በደለል ምክንያት ብዙ ሳያገለግሉ ቀሩ። ቁፋሮው የአንድ ወር ዘመቻ ሲሆን፣ ጥበቃው የየዓመቱ ሥራ መሆኑ በጊዜው በበቂ አልታሰበም ነበር።

ሥራው የማን ነው

የሐፊር ጥበቃ ለሹሙ ብቻ ወይም ለባላገሩ ብቻ የሚተው አይደለም። መዝጊያውን፣ ቧንቧውንና የመሐንዲስ ምክር ማቅረብ የመሥሪያ ቤት ፈንታ ነው። ደለሉን በየዓመቱ መጥረግ፣ አጥሩን መጠበቅና ከብቱን ማገድ የመንደሩ ፈንታ ነው። በወሰን አገር ነዋሪው፣ ስደተኛውና ለሰሊጥ አጨዳ የመጣው ሠራተኛ ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ፤ ስለዚህ በሥራውም በድርሻውም ማንም ሊዘነጋ አይገባም። የአንዱ መንደርተኛ ከብት አጥር ጥሶ ቢገባ ወይም አንድ ቤተ ሰብ በቦዩ ላይ ቢጸዳዳ፣ የሚታመመው ማን እንደ ሆነ ውኃው አይመርጥም።

እያንዳንዱ የሐፊር ማኅበር አንድ ጠባቂ ቢመርጥ፣ አንድ ደብተር ቢይዝ፣ የማጥለያ ገንዳውን የሚጠርግበትን ቀን በጥር ወር አስቀድሞ ቢቆርጥ፣ ብዙ ወጪ ሳያወጣ የውኃውን ዕድሜ ማራዘም ይችላል። በየካቲት ፀሐይ ከገንዳው የወጣው እያንዳንዱ ባሬላ ደለል፣ በሚያዝያ ለአንድ ቤት የሚተርፍ ውኃ ነው።